ዛሬም ቆመች

መኪናዋ አቀበቱ ወገብ ላይ፣ ታክሲ ዝር በማይልበት ቦታ ቆመች። አባትየው መሪውን እንደጨበጠ፣ «በቃ፣ ዛሬም ታመመች» አለ።

ልጅቱ ደስታዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳምንቱን ሙሉ ሆድ ብሷት ነበር የሰነበተችው። ባለፈው ቅዳሜ ሐኪም እያሉ የሚጠሩት መካኒክ የቀረውን የመኪናዋን ዕቃ ሁሉ ቀይሮ ሲጨርስ፣ «ከእንግዲህ እኔን አትፈልጉኝም» ብሎ ምሎ ነበርና። አባቷ ሲያመሰግነው እሷ ግን ዕንባዋ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ትውላለች፤ ጤነኛ መኪና አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቷ በር ላይ ታደርሳታለች። ከዚያ የአባቷን ጉንጭ ስማ ትወርድና፣ የሞተሩ ድምፅ ከመታጠፊያው ወዲያ እስኪጠፋ ቆማ ታዳምጣለች። የታመመች መኪና ግን ታስመሻለች። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ለእሷ ይኸው ነው።

መኪናዋ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት ወንበር ናት። በደህናው ዘመኗ ባለጸጋ ነድቷታል። አባትየው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲመኛት ኖሮ፣ አርጅታ ዋጋዋ ሲወርድ ገዛት። የወረደው ግን መግዣዋ እንጂ ማኖሪያዋ አልነበረም። የፍሬን ሸራዋ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ዘይቷ እንኳ ከሽቶ ይወደዳል። መጀመሪያ የሳሎኑ ሶፋ ተሸጠላት፣ ቀጥሎ የእጁ ሰዓት፣ በመጨረሻ ሚስት ልጇን ይዛ ወጣች። እስከ ዛሬም «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

ስልኩ ጮኸ። እናትየው ናት።

«የት ደረሳችሁ?»

«አቀበቱ ላይ ነን። ትንሽ… ቆመችብን።»

«ጣውንቴን ዛሬም አመማት? ተሠራች አላልክም እንዴ?» ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ስማኝ፣ ባለፈው ምን ብዬሃለሁ? ልጄን በሰዓቷ ካላመጣህ ቅዳሜህን እርሳው። ፍርድ ቤት እሄዳለሁ።»

«ምን ላድርግ? መኪና ናት። መካኒኩን ጠርቼዋለሁ፣ እየመጣ ነው።»

«እሱንማ ራሴው እጠይቀዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

አባትየው ስልኩን ኪሱ ከተተና ኮፈኑን ከፈተ። ሁለቱም አጎንብሰው አዩ። ልጅቱ የመኪናዋን በሽታ በሽታዋን ታውቃለች። ውሃዋ ሲፈላ ይጨሳል፣ ፍሪሲዮኗ ሲቃጠል ይሸታል፣ ባትሪዋ ሲደክም መብራቷ ይፈዛል። ዛሬ ጭስም የለ፣ ሽታም የለ። ልብ ብላለች፣ ግን በእጇ የገባላትን ደስታ እየጠየቀች ልታባርረው አልፈለገችም።

መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አባቷ ብርቱካን ላጠላት። ሲነዳ እንዲህ አይደለም። ሲነዳ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነው፤ ወሬ ስትጀምር «እስቲ ዝም በይ እናትዬ፣ የሆነ ነገር ሲንቋቋ ሰማሁ» ይላታል። መኪናዋ ከቆመች በኋላ ግን የሚፈራው ነገር የለም፣ ጆሮውም የልጁ ነው።

«እሺ፣ ያቺ ጓደኛሽ ታረቀችሽ?»

«ያኮረፍኩት እኔ ነኝ እንጂ!»

«ታዲያ ታረቅሻት?»

ልትነግረው አፏን ስትከፍት ከታች የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣ። መካኒኩ ነበር፣ የመፍቻ ቦርሳውን ጀርባው ላይ አዝሎ። አባትየው ከድንጋዩ ብድግ አለ፤ ፊቱ ልውጥ ብሏል።

«ማን ጠራህ?»

«እትዬ ናቸዋ የደወሉልኝ! ጋሼ፣ አንተማ ረሳኸኝ» አለ መካኒኩ። ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀበረ፣ እዚህም እዚያም ነካካ፣ ራሱን እየነቀነቀ ገብቶ መሪው ኋላ ተቀመጠና ቁልፉን አዞረ።

መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ሞተሩ ጥርት ባለ ድምፅ አቀበቱን ሞላው። ልጅቱ እንዲህ አምሮበት ሰምታው አታውቅም።

«ምኗም አልታመመ!» መካኒኩ ወርዶ ሳቀ። «ከእኔ ትሻላለች! ምን ሆና ነው የቆ…» ቃሉን ሳይጨርስ አባትየውን አየው። አባትየው የጫማውን ጫፍ ነበር የሚያየው፤ ብርቱካኑን እጁ ውስጥ ጨምቆት ጭማቂው በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል።

ያን ጊዜ ለልጅቱ ገባት። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን የናፈቀች መስሏት ነበር። የመኪናዋ መዳን እሷን ብቻ ያስከፋ መስሏት ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው፣ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ ያሳከማትን መኪና በገዛ እጁ አቆማት። አንጀቷን በላው፤ ልታቅፈው ፈለገች።

የመካኒኩ ስልክ ጮኸ። አየና ወደ አባትየው ዞረ።

«እትዬ ናቸው። ምን ልበላቸው?»

አባትየው የተጨመቀውን ብርቱካን መንገዱ ዳር ጣለ። ስልኩ ይጮኻል፤ ሞተሩ ጤናውን ለዓለም ያውጃል።

ልጅቱ በተከፈተው መስኮት እጇን አስገብታ ቁልፉን ወደ ኋላ አዞረችው። ሞተሩ ጠፋ፤ አቀበቱ ላይ የስልኩ ጥሪ ብቻ ቀረ። ቁልፉን ነቅላ ብርቱካን በነካው በአባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«አሁን ስልኩን አንሳው» አለችው መካኒኩን።

ከዚያ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና፣ ለአባቷ እንዲበቃ ጥጉን ይዛ ተጠጋች።