ጭድ የተሞላችው ጥጃ

ልጄ ይታይሽ ለሥራ ቤሩት ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልብኝ፣ ጥጃችንን ዛጎሌን ከበረት አውጥቼ ከእኔ ጋር አሳድራት ጀመር። ጨው በመዳፌ አስልሳታለሁ፤ ውኃ ስወርድም ትከተለኛለች። ጎረቤቶቼ «ምነው አላዘልሻትም!» እያሉ ይስቁብኛል። መንደራችን ኔትወርክ ስለሌለው፣ በየቅዳሜው ገበያ ወጥቶ ይታይሽን በስልክ የሚያናግራት ባሌ ነው። «ደህና ነኝ፣ እማዬ አታስብ ብላለች» ይለኛል።

ዛጎሌ ሆዷ ተነፍቶ ሞተችብኝ። እናቷም ወተቷን ከለከለች። ባሌ እንደ አገሩ ልማድ የዛጎሌን ቆዳ ጭድ ሞልቶ ሰፋውና ላሚቱ ፊት አቆመው። ምስኪን፣ ልጇ መስሏት ትልሰው ጀመር።

እንባዬ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን አትፈራም? እናትን እንዲህ ያታልሏታል?»

«ምን ላድርግ? ካላታለልኳት ትነጥፋለች።»

«ቆይ፣ ቅዳሜ ለይታይሽ ንገራት። እሷ ትፍረደን።»

ባሌ ማለቢያውን መሬት አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ይታይሽ ካረፈች ዓመት አለፋት» አለኝ። «መርዶውን ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ከኋላው ላሚቱ ጭዱን እየላሰች ወተቷን ለቀቀች።