ቢጫው ሻሽ

ወለላ፣ እናቷ ቢጫውን ሻሽ ከራሷ የማታወርደው ለውበት ብላ ይመስላት ነበር። የምህንድስና ቴክኖሎጂ ኮሌጆች ዕውቀቱን በአንድ ሌሊት አእምሮ ውስጥ አስርጸው በምትኩ አንድ ችሎታ እንደሚነጥቁ ታውቃለች፤ ከአባቷ ምን እንደነጠቁ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ኮሌጅ በምትመርጥበት ዕለት እናቷ ፀጉሯን ታጥባ፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ ድምፅ ሳታሰማ ሳሎን ገባች። አባቷ በአክብሮት ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ያንተዋ አሰለፈች ነኝ፤ ሻሹን አጥቤው ነው» አለችው፣ እንደለመደችው ቀስ ብላ።

ወለላን ፍርሃት ሰቅዞ ያዛት።

«የእኔን ኮሌጅ ተይው፣ ልጄ» አለ አባቷ አንገቱን ደፍቶ። «የሰው ፊት መለየትን ይወስድብሻል።»

«ሌላኛውስ፣ አባዬ?»

«ድምፅ መለየትን።»

ሦስተኛ ኮሌጅ አልነበረም። ወለላ ድምፅ መለየትን የሚወስደውን መረጠች፤ ከዚያም እናቷ አጠገብ ተቀምጣ «ወለላ» እያለች ደጋግማ እንድትጠራት ለመነቻት።