ከመስኮት የታየ ቡና

ረይሃና የመጀመሪያዋን ዐውደ ርእይ ያቆመችው በሰው ሐዘን ላይ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ፕሮግራም አስተባባሪ ሆና ከተቀጠረች ገና ስምንት ወሯ ነበር። የሚታይ ነገር ፍለጋ ስትዞር፣ ሰቃ ውስጥ አቶ ኩመራ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ቤት አሥራ አንድ ጥልፍ አገኘች። የጠለፈቻቸው ሟች ባለቤታቸው የኔነሽ ናት።

በአሥራ አንዱም ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ በመስኮት ፍርግርግ ውስጥ የሚታይ የቡና ጓሮ። አንዱ ላይ አበባው ነጭ ሆኖ ፈክቷል፣ ሌላው ላይ ፍሬው ቀልቷል፣ ሌላው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ረይሃና ለተማሪዎች «መስኮቱን እንደ ክፈፍ ተጠቅማበታለች» እያለች ታስረዳለች። ልጆቹም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የየቤታቸውን መስኮት ይስላሉ።

ሐሙስ ሐሙስ አቶ ኩመራ ራሳቸው እየመጡ ለልጆቹ ያወራሉ።

«ቤቷን የምትወድ ሴት ነበረች» ይላሉ። «ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ምን ጎድሏት ትወጣለች? ልጃችን ይኸው ሰቃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እናቷን የምታውቃት በዚህ ጥልፍ ብቻ ነው።»

አንዷ ተማሪ መቃብሯ የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«የክረምት ጎርፍ ነው የወሰዳት። ውሃ መቃብር የለውም፣ ልጄ።»

አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ። ወሬው ተሰማና ከሰርቦ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ ትምህርት ቤቶች ተራ ያዙ። ረይሃና ግድግዳው ላይ የምትሰቅለውን የየኔነሽን ፎቶ አቶ ኩመራን ለምናቸው ነበር። «ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር» አሏት።

ሴትየዋ ብቅ ያለችው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ማስክ አድርጋለች። ግራ እግሯን ትንሽ ታነክሳለች። ጥልፎቹን አንድ በአንድ፣ እንደሚያደንቅ ሰው ሳይሆን ዕቃ ጎድሎ እንደሆነ እንደሚያረጋግጥ ሰው አየቻቸው። ከዚያ ወደ ረይሃና ቀረበች።

«እህቴ፣ ይሄ የኋላ በር ወዴት ያወጣል?»

«ወደ ቤተ መጻሕፍቱ። ለምን ነው?»

«እንዲያው ነው።»

በሁለተኛው ቀን የዕቃው ባለቤት የሚመጣው ሐሙስ ብቻ እንደሆነ ጠየቀች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የሰቃ ልጆች መቼ እንደሚመጡ ጠየቀች።

ይህን የሰማው ዘበኛው ሸኩር ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ፣ ይቺ ሴት ለበጎ አልመጣችም። ሌባ ግርግር ይወዳል። ልጆቹ ሲተራመሱ ጠብቃ አንዱን ጠቅልላ በኋላ በር ውልቅ ነው።»

ረይሃና እንቅልፍ አጣች። ጥልፎቹን ፈርማ የተረከበችው እሷ ናት። አንዱ ቢጠፋ ሥራዋ ይቅርና፣ ሚስቱን ውሃ የበላበትን ሰው በምን ዓይኗ ታየዋለች? ሐሙስ አቶ ኩመራ ሲመጡ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አቶ ኩመራ ቀረብ ብለው ጠየቋት።

«ስትሄድ ታነክሳለች?»

«አዎ፣ በግራዋ። ያውቋታል እንዴ ጋሽ ኩመራ?»

«ኤዬ፣ አውቃታለሁ። ጎረቤታችን ነበረች። የኔነሽ ያላትን ሁሉ ስትመኝ የኖረች ሴት ናት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፖሊስ እንዳትጠሪ፤ የሟቿ ስም በሐሜት ይነሳል። ብቻ ስትመጣ ደውዪልኝና እስክደርስ አቆዪያት። በሽምግልና እንጨርሰዋለን።»

ረይሃና ሸክሙ ከትከሻዋ የወረደላት መሰላት። እንዲህ ያለ ታጋሽ ሰው አይታ አታውቅም።

የሰቃ ልጆች ተራ ረቡዕ ነበር። አውቶቡሳቸው አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሏል። ሴትየዋ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ የኋላውን በር ተጠግታ ቆመች። ዛሬ ጥልፎቹን ዞር ብላም አላየች። ዓይኗ ከመስኮቱ፣ ከመንገዱ ላይ አልነቀል አለ።

ረይሃና ወደ ቢሮዋ ገብታ ደወለች።

«እዚሁ ጅማ ነኝ፣ ኸርማታ ገበያ» አሉ አቶ ኩመራ። «አሥር ደቂቃ። በር አስቆልፊ።»

ለሸኩር በዓይኗ ምልክት ሰጠችው። እሱም በውጭው ደረጃ ዞሮ የኋላውን በር ቆለፈ። ረይሃና ወንበር ይዛ ወደ ሴትየዋ ሄደች።

«ተቀመጪ እንጂ። እግርሽን ያምሻል መሰለኝ።»

«ደህና ነኝ። አይዘገዩም አይደል ልጆቹ?»

«ይደርሳሉ። ከሩቅ ነው የምትመጪው?»

«ከሩቅ ነው» አለች ሴትየዋ። ጣቶቿ የሻሿን ጫፍ ይጠመዝዙ ነበር። ረይሃና አየቻቸውና የሌባ ጣት ብላ አሰበች።

ከውጭ መኪና ቆመ። የአውቶቡስ ድምፅ አልነበረም።

ሴትየዋ በመስኮቱ ቁልቁል አይታ ወደ ኋላ ሸሸች። ዘላ የኋላውን በር ያዘች። ገፋችው፣ ጎተተችው፣ በትከሻዋ መታችው።

«በከንቱ ነው» አለቻት ረይሃና፤ ድምፅዋ እንዳሰበችው አልጠነከረላትም። «ተቆልፏል። የጥልፎቹ ባለቤት መጥተዋል። ያለሽን ለእሳቸው ንገሪያቸው።»

ሴትየዋ ዞረች። ደረጃው ላይ የወንድ ጫማ ሲወጣ ይሰማል፤ አይቸኩልም። ረይሃና ልመና ወይም ስድብ ጠበቀች። ሴትየዋ ግን ማስኩን ከፊቷ አወረደችና፣ አልቅሳ እንደጨረሰ ሰው ቀስ ብላ ተናገረች።

«እህቴ፣ የኔነሽ እኔ ነኝ።»