ሰማያዊው ፎጣ

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ የራሱን ክለብ ሰማያዊ ፎጣ በጎረቤቱ አንገት ዙሪያ ጠመጠመና ፈንጠር ብሎ ጠበቀ። ጎረቤቱ የቀዮቹ ደጋፊ ነው፤ ቡድኑ ከሰማያዊዎቹ ጋር በሚያደርገው ደርቢ በተሸነፈ ቁጥር ይህን ፎጣ መንጭቆ መሬት ላይ ይወረውረው፣ ወረፋ ጠባቂውም ያውካካ ነበር። ትናንት ግን ቀዮቹ ከሊጉ ወረዱ። ለከርሞ ደርቢ የለም።

ሰውዬው ፎጣውን ሳይነካ መስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየ።

«ምነው፣ ዛሬ አትወረውረውም?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ተወው ባክህ፣ ፎጣ ነው እኮ።»

«ኧረ ተቆጣ እንጂ! ለከርሞ ማንን ላብሽቅ?»

«ጎንና ጎኑን ብቻ አሳጥርልኝ» አለ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። ፎጣውን ራሱ ፈታና በሰውዬው ፋንታ መሬት ላይ ወረወረው። ማንም አልሳቀም።