የሰር ባርናቢ አያት

በንጉሥ ጄምስ ዘመን፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ባርናቢ ክሮፕ ማዕረጉን ገዛ፣ መሬቱን ገዛ፣ ቤቱን ሠራ። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ አያት።

ቤቱስ ምንም አይወጣለትም ነበር። ግድግዳው ቀይ ጡብ ነው፤ መስኮቱ ከግድግዳው ይበልጣል። የጠረጴዛው እግሮች፣ እንደ ዘመኑ ወግ፣ ዱባ የዋጡ ይመስላሉ። ጠራቢው ከምድጃው በላይ ባለው እንጨት ላይ የቤቱን አርማ፣ ሁለት አንበሳና አራት መልአክ ቀርጾ፣ ቦታ ስለተረፈው ሌላ አንበሳ ጨምሮበታል። ፎቅ ላይ፣ ዝናብ ሲጥል ወዲያ ወዲህ የሚሉበት ረጅም አዳራሽ አለ። ጨዋ ሰው ያንን ግድግዳ የሚሞላው በአባቶቹ ሥዕል ነው። የባርናቢ አባት ግን በያርመዝ ወደብ ዓሣ በጭስ ሲያደርቅ ኖሮ ነው የሞተው። ማንም አልሣለውም።

ሚስቱ እሜቴ ሲስሊ ከከተማ ሠዓሊ አስመጣች። ሠዓሊው ወጥ ቤቱን ቶቢን የጦር ልብስ አልብሶ፣ የባርናቢ አያት ሰር ራኑልፍ ክሮፕ አደረገው። ልብስ አጣቢዋም ባለ ዕንቁ ቅድመ አያት ሆነች። ሥዕሎቹ ያረጁ እንዲመስሉ ሦስት ሳምንት ጭስ ላይ ተሰቀሉ። ይህንን ሥራ እንኳ ባርናቢ ያውቅበታል።

ብዙም ሳይቆይ የዘር መርማሪው እየመጣ ነው የሚል ወሬ ተሰማ።

መርማሪው በየአውራጃው እየዞረ እውነተኛውን ባላባት ከሐሰተኛው ይለያል። ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘ ሰው አርማው በመሮ ይፈለፈላል፤ ስሙም በገበያ ቀን ይለፈፋል።

«በገበያ መሃል ‹የዓሣ አጫሽ ምራት› ተብሎ ከሚለፈፍብኝ» አለች ሲስሊ፣ «ቤቱ ከነነፍሴ ቢቃጠል እመርጣለሁ። ቶቢ! ዛሬ ከማድቤት ንቅንቅ እንዳትል!»

«ታዲያ ጥብሱን ማን ሊያቀርብ ነው እሜቴ?»

«እኔ እንጃ! አንተ እንደሆን ከሞትክ ስልሳ ዓመትህ ነው።»

መርማሪው ሎረንስ ፔል በማለዳ ደረሰ። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ እጅጌው የተጣፈ ሰው ነው። በረጅሙ አዳራሽ እየዞረ በእያንዳንዱ ሥዕል ፊት ቆመ። ባርናቢ ከኋላው ተከተለው።

«እኚህ ማናቸው?»

«አያቴ፣ ሰር ራኑልፍ።»

«ይሄ መሬት የእሳቸው ነበር?»

ባርናቢ መሬቱን ከገዛ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «እንዴታ! ከእሳቸው ነው የወረስነው» አለ።

ፔል ጻፈ።

ምሳ ላይ በሩ ተከፈተና ጥብሱን ይዞ የገባው ራሱ ቶቢ ሆነ፤ አሳላፊው ፈርቶ ጠፍቶ ነበር። ፔል ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ይህን ፊት አሁን ፎቅ ላይ አላየሁትም?»

ባርናቢ ዐመድ መሰለ። ሲስሊ ግን የዋዛ ሴት አልነበረችም።

«ምን ይደረግ ጌታዬ» አለች ዐይኗን ሰበር አድርጋ። «ሰር ራኑልፍ ገረድ አያሳልፉም ነበር ይባላል። ይሄው ዘራቸው ማድቤት ድረስ ወርዷል።»

ቶቢ ከነጥብሱ እጅ ነሣ።

«ዲቃላ አይወርስም» አለ ፔል። «በሕግ የወለዷቸውስ?»

«አንድ ብቻ፣ አባ...» ብሎ ባርናቢ ሲጀምር ሲስሊ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። አንድ ልጅ ለታላቅ ቤት አነሰባት።

«ሁለት! ታላቁ ጃይልስ ፈረንሳይ እንደዘመተ ቀረ። እናቱ እዚያ ጉብታ ላይ ቆመው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ነው የሞቱት።» እንባዋ ዱብ አለ። እሷም ገረማት።

የፔል ብዕር ቆመ። «ታላቁ ነው ያሉኝ?»

«ታላቁ።»

«አግብቶ ነበር?»

«እንዴት ያለችውን ፈረንሳዊት!» አለ ባርናቢ፣ ከሚስቱ ላለማነስ። «በቤተ ክርስቲያን፣ በቃል ኪዳን።»

«እንግዲያው ይህን ሁሉ በመሐላ ይፈርሙልኛል?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ወጥመድ ነው። መፈረም በሐሰት መማል ነው፤ አለመፈረም ገበያ ላይ መለፈፍ ነው። ባርናቢ መጽሐፍ ቅዱሱን መትቶ ማለና ፈረመ። ሲስሊ ተከተለች። ቶቢም መጻፍ ስለማይችል መስቀል ሥሎ ምስክር ሆነ።

ፔል ወረቀቱን አጣጥፎ በቀይ ሰም አተመው።

«ብዙ ቤት መርምሬአለሁ» አለ። «እንደ ክሮፕ ቤት ያለ ጥርት ያለ ዘር ግን አላየሁም። ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም።»

ሲስሊ ሳታስበው የመርማሪውን እጅ ሳመች። ባርናቢም ምርጡን ወይን በገዛ እጁ ቀዳለት።

ፔል ወይኑን ቀስ ብሎ ጠጥቶ ጨረሰና ጽዋውን አስቀመጠ። «የእናቴ አባት ጃይልስ ክሮፕ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለዚህ መሬት አውርተው አይጠግቡም ነበር» አለ። «እንግዲህ ዘመዴ፣ መሬቱን መቼ ትለቅልኛለህ?»