የንጉሤ ኢንተርቪው

ስልኩ ሲጮህ ንጉሤ በደህና እጁ ኮሌታውን አስተካከለ። በስልክ የሚያየው ሰው ያለ ይመስል!

«ስፒከር ላይ አድርጊው» አላት ባለቤቱን ዕፀገነትን። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ወደተቀመጠው ባዩ ዞሮ፣ «አንተ ካለህልኝ አልፈራም፤ መንገዱን ታውቀዋለህ» አለው።

ባዩማ መንገዱን እንዴት አያውቀው! የኤርፖርት ሸትል ሲነዳ ወገቡ ተበላሽቶ፣ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆኖ፣ ከሥራ ሲወጣ የአሜሪካ መንግሥት መሥራት ለማይችል ሰው የሚከፍለውን ዲሳቢሊቲ አፕላይ አድርጎ የለ? መጀመሪያ ከቢሮው ለጥያቄ ሲደውሉለት እንደ ሰው ወግ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ደህና የሆነ ሰው ይሠራል ብለው ከለከሉት። በሁለተኛው ራሱን ችሎ መታጠብ እንደማይችል ለማያውቀው ሰው ተናገረ፤ ተፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ ኦክላንድ ውስጥ የታመመ አበሻ ሁሉ እሱን ሳያማክር ያንን ስልክ አያነሳም። ምክሩም አንድ ነው፤ «እዚያ ተመስገን የለም። የማትችለውን ብቻ ተናገር።»

ለንጉሤ ግን ዛሬ የመከረው ሌላ ነው፤ «ረጋ በል። እንደ ወግህ መልስ።»

ምን በደለው? አምና የወዳጁ የፍቅረማርያም አስከሬን ከቤተክርስቲያን ሲወጣ፣ ባዩ ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባ። የተሸከሙት ሌሎቹ ናቸው፤ እሱ ለወጉ ነው። በወዳጁ ቀብር እጁን አጣምሮ ይቁም እንዴ? ይህንን አንድ ሰው በስልኩ አንስቶ ለቢሮው ላከ፤ ሳጥን ይሸከማል አለ። ገንዘቡ ተቋረጠ። ጉዳዩ እንደገና ታይቶ እስኪመለስለት ድረስ ባዩ ቤቱን ለቅቆ፣ ያንን ወገብ ይዞ፣ ኮንኮርድ ከተማ የእህቱ ልጅ ሳሎን ወለል ላይ ተኛ።

ፎቶውን ያነሳው ንጉሤ ነው። ያኔ አፕታውን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ሁለቱም እጆቹ ደህና ናቸው። «በምከፍለው ታክስ አይቀለድም!» ብሎ ሲኩራራ ጎረቤቱ ሐኒ በጆሮዋ ሰምታ ለባዩ ነገረችው። ባዩ ማወቁን ንጉሤ አያውቅም። ዘንድሮ ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ሲወስደው መጀመሪያ የጠራው ሰው ባዩ ነው። ዕፀገነት ባሏን ለማስታመም ሥራ ትታለች፤ ዲሳቢሊቲው ካልተፈቀደ ይህንን አፓርታማ ይለቃሉ።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ» አለች አስተርጓሚዋ ከስልኩ ውስጥ። «እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን! በጣም ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ አቀበለች፤ ከማዶ የቢሮው ሠራተኛ ኪቦርድ ተንኳኳ። የባዩ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ኃጢአት ይሁን አይሁን አላሰበም።

«ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«እንዴታ!»

ዕፀገነት ያንን ሸሚዝ ቅድም ባዩ ፊት እንደ ሕፃን ቆልፋለታለች። አፏን ልትከፍት ስትል ንጉሤ በዓይኑ ገሠጻት።

«ከተቀመጡበት ለመነሳትስ ሰው ይረዳዎታል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ራሴ ነኝ የምነሳው።»

ዕፀገነት ባዩን አየችው። ልመና ነበር። ባዩ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ መለሰ፤ የኮንኮርዱ ወለል ምንጣፍ እንኳ አልነበረውም።

«የሚጨምሩት አለ? አጠገብዎ ያለ ሰውም መናገር ይችላል።»

ንጉሤ ወደ ባዩ ዞረ። ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ፤ ግማሹ እንደወደቀ ቀረ። «የረሳሁት አለ እንዴ ባዩ?»

«ይሉኝታ ይዞት ነው፣ የሚለው ሁሉ ውሸት ነው»፤ ባዩ ይህንን ብቻ ቢናገር ይበቃ ነበር።

«የለም» አለ ባዩ። «ሁሉንም ብለኸዋል።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አላሳፈርኩህም አይደል?»

«በፍጹም።»

«ጋሽ ባዩ» አለች ዕፀገነት። «ለእርስዎ ሲደውሉልዎ ምን ነበር ያሉት?»

«እኔማ አለቀስኩ» አለና ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ።

ንጉሤ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። «ቆይ፣ ልሸኝህ እንጂ» አለ። እንግዳ ሳይሸኝ ቀርቶ አያውቅም። በደህና እጁ የሶፋውን መደገፊያ ጨብጦ ሞከረ፤ ከወገቡ በታች ያለው እንቢ አለው። ዕፀገነት ልትደግፈው ብድግ አለች።

«ተይው» አላት ባዩ። «ራሱ ነው የሚነሳው።»

በሩን ከፍቶ፣ ቆሞ ጠበቀው።