የጤነኛ ሰው ኪኒን

እማማ አልጣሽ ሰቆጣ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ከኒሯቅ በመጡበት ቀን፣ ያመጡትን ማር አልጋ ሥር ሊያስቀምጡ ጎንበስ ሲሉ ሁለት የኪኒን ብልቃጦች አገኙ። አንዱ የአማቻቸው ነበር፤ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ እንዳለ ካወቁ ዓመታት አልፈዋል። በሁለተኛው ላይ በእጅ የተጻፈው ግን የልጃቸው የእስከዳር ስም ነው። ብልቃጡን እንደያዙ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«አንቺንም ያዘሽ?» አሏት ከጓዳ ስትወጣ።

«አልያዘኝም። እንዳይዘኝ ነው በየቀኑ የምውጠው። ሐኪሞቹ ናቸው የሰጡኝ።»

«ጤነኛ ሰው የበሽተኛ መድኃኒት ይውጣል? ጎረቤት ቢያየው ምን ይላል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ያህል ካሰጋሽ ለምን ትተሽው አትመጪም? የአባትሽ ቤት እንደሆነ ክፍት ነው።»

እስከዳር ብልቃጡን ከእጃቸው ወስዳ አንድ ፍሬ መዳፏ ላይ አወጣች። «እኔ እኮ ይህን የምውጠው እሱን እንዳልተወው ብዬ ነው፣ እማ» አለች።

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ አለፈ። ልጃቸው ውኃ ቀድታ ኪኒኑን ወደ አፏ ስታስጠጋ እጇን ያዙት።

«ቆይ» አሉ። «በባዶ ሆድ አይጎዳሽም?»